ሁዱ፣ ሞጆ እና ብሉዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ብሉዝ፣ ስለ አሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ሙዚቃ፣ ወሬ ባነሳሁ ቁጥር ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይደርሳል። «ሮበርት ጆንሰን የሚባለው ብሉዘኛ እውነት ነፍሱን ለሰይጣን ሸጧል?» ይሉኛል። ቀጥሎ ቩዱ ይመጣል። ቀጥሎ መርፌ የተሰካባት አሻንጉሊት። አንድ ላይ ሰብስቤ ብመልሰው ይሻላል ብዬ ነው ይሄን የጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁዱ ምንድን ነው?

በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ከባርነት ዘመን ጀምሮ ይዘውት የኖሩት ባህላዊ መድኃኒትና አስማት ነው። ራሱን የቻለ ሃይማኖት አይደለም። ቤተ መቅደስ የለውም፣ የክህነት ማዕረግ የለውም። ያለው ሥር፣ ቅጠል፣ አፈር፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ሻማና ጸሎት ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ «ሩትወርክ» ይሉታል፤ የሥር ሥራ እንደማለት ነው። «ኮንጀር» የሚሉትም አሉ። አማርኛ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» የሚል አባባል ስላለው ነገሩ ለጆሯችን ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

ግንዱ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ፣ በተለይ ከኮንጎ አካባቢ የመጣ እውቀት ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስለ ቅጠላ ቅጠል የሚያውቁት ተጨመረበት። ከአውሮፓ የመጡ የአስማት መጻሕፍት ገቡበት። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ገባበት።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። «ጉፈር ደስት» የሚባል ዱቄት አለ። የመቃብር አፈር ይገባበታል፣ ጠላትን ለመጉዳት ነው የሚሠራው። «ጉፈር» የሚለው ቃል የመጣው በኪኮንጎ ቋንቋ መሞት ከሚለው «ኩፍዋ» እንደሆነ አጥኚዎች ያስረዳሉ። ሰዎቹ ቋንቋቸውን ተነጥቀዋል። ቃሉ ግን ዱቄቱ ውስጥ ተደብቆ ባሕር ተሻግሯል። አፈሩም ቢሆን ዝም ብሎ አይዛቅም። ለሟቹ ዋጋው ይከፈላል፤ መቃብሩ ላይ ሳንቲም ትተው ወይም ውስኪ አፍስሰው ነው የሚሄዱት። ሙታንም በነፃ አይሠሩም።

ታዲያ ከቩዱ በምን ይለያል?

ቩዱ በሄይቲ ሙሉ ሃይማኖት ነው። መናፍስቱ ስም አላቸው፣ ካህናት አሉት፣ ሥርዓተ አምልኮ አለው። ሁዱ ግን ሙያ ነው። አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመን እሁድ ጠዋት መዝሙር ዘምሮ ሰኞ ማታ ጫማው ውስጥ ሥር ሊያደርግ ይችላል። ተጋጨብኝም አይልም።

ሁለቱ የሚቀላቀሉት ኒው ኦርሊንስ ላይ ነው። በ1809 እና በ1810 ከሄይቲ አብዮት የሸሹ ከ9,000 በላይ ሰዎች በኩባ በኩል ወደዚያች ከተማ ገቡ። ከነሱ ጋር ብዙ ነገር ገባ። የከተማዋ ስመ ጥር አዋቂ ማሪ ላቮ (1801–1881) ካቶሊክ ነበረች። መቃብሯ ላይ ሰው ለስለት የኤክስ ምልክት ሲጭር ኖሮ ኖሮ፣ ከ2015 ጀምሮ መካነ መቃብሩ ያለ አስጎብኚ አይገባበትም።

ስለ መርፌና አሻንጉሊት፦ ሁዱ ውስጥ አሻንጉሊት አለ። ነገር ግን ፊልሞች የሚያሳዩት መርፌ የመሰካት ነገር ከአውሮፓ ጥንቆላም ብዙ የወሰደ ነው። ሙያው እዚያ ላይ አይደለም ያለው። እንለፈው።

ሞጆ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

መጀመሪያ ነገር ከከተማችን ከሞጆ ጋር አይገናኝም። ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚጠብቅ ጓደኛዬ «ሞጆዬ እየሠራ ነው» የሚለውን ዘፈን ስልኩ ላይ ጥሪ አድርጎት ነበር። ቀልዱ የገባው እሱ ብቻ ነው።

ሞጆ ትንሽ ከረጢት ናት። ብዙውን ጊዜ ከቀይ የፍላኔል ጨርቅ ትሰፋለች። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህም «ሞጆ ሃንድ» ወይም በአጭሩ «ሃንድ»፣ እጅ፣ ይሏታል። ውስጧ የሚገባው እንደ ጉዳዩ ነው። ለፍቅር ከሆነ የሚፈለገው ሰው ፀጉር ወይም ስሙ የተጻፈበት ወረቀት። ለቁማር ከሆነ ማግኔት ድንጋይ። ለጉልበትና ለገድ ከሆነ «ሃይ ጆን ዘ ኮንከረር» የሚሉት ደረቅና ድቡልቡል ሥር። ጆን በጥቁሮች ተረት ውስጥ ጌታውን በብልሃት የሚያታልል ባሪያ ነው። ሥሩም ስሙን የወረሰው ከሱ ነው።

ከረጢቷ ከተሰፋች በኋላ ሕያው ናት ተብሎ ነው የሚታመነው። ስለዚህ ትመገባለች። ውስኪ ወይም ዘይት ጠብ ያደርጉባታል። ስም የሚያወጡላትም አሉ። ሰውነት ላይ፣ ከልብስ ስር ትያዛለች። ወንዶች ኪሳቸው ውስጥ፣ ሴቶች ጡት መያዣቸው ውስጥ ወይም ወገባቸው ላይ። ሌላ ሰው ካያት ትደክማለች። ከነካት ትሞታለች።

እኔ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከአንድ የቱሪስት ሱቅ ገዝቼ አውቃለሁ። ሆቴል ገብቼ ስፌቱን ፈታሁት። ጥጥ፣ አንድ የፕላስቲክ ዶቃ፣ አለቀ። ሃያ ዶላሬን። አንድ የአገሩ ሰው ስነግረው ሳቀብኝና «መጀመሪያውኑ መክፈት አልነበረብህም» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

በባርነት ላለ ሰው ይሄ ምን ይረባዋል?

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ፍርድ ቤት መሄድ የማይችል፣ ሐኪም የሌለው፣ ሚስቱንና ልጁን ነገ ሊሸጡበት የሚችሉ ሰው ምን መሣሪያ አለው? መሬት ውስጥ ያለ ሥር ግን የማንም አይደለም። ይቆፈራል።

ፍሬድሪክ ዳግላስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከባርነት አምልጦ ከዘመኑ ታላላቅ ተናጋሪዎች አንዱ የሆነው ሰው ነው። በ1834 ሜሪላንድ ውስጥ ኤድዋርድ ኮቪ ለሚባል ገበሬ ተከራይቶ ነበር። ኮቪ «አስቸጋሪ ባሪያ» በመግራት የታወቀ ሰው ነው። ዳግላስ ያኔ ገና 16 ዓመቱ ግድም ነው። አንድ ቀን ክፉኛ ተደብድቦ ጫካ ገባ። እዚያ ሳንዲ ጄንኪንስ የሚባል እንደሱ በባርነት ያለ ሰው አገኘው። ሳንዲ ቤቱ ወስዶ ምግብ ሰጠው። ከዚያ ጫካ ይዞት ገብቶ አንድ ሥር አሳየው። «በቀኝ ጎንህ ያዘው፤ ነጭ አይመታህም» አለው። ዳግላስ አላመነም። ግን እምቢ ማለት ምን ይጠቅመኛል ብሎ ያዘው።

እሁድ ጠዋት ሲመለስ ኮቪ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደጅ ላይ አገኘው። በደግ ቃል አናገረው። ዳግላስ ሥሩ እውነት ይሠራ ይሆን እንዴ ብሎ መጠርጠር ጀመረ። ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ግን ኮቪ ጋጣ ውስጥ ገመድ ይዞ መጣበት። ዳግላስ አንገቱን አነቀው። ሁለት ሰዓት ያህል ታገሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ኮቪ አልመታውም።

ሥሩ ነው የሠራው? ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ሳንዲ ሥሩ እንደሠራ በጽኑ ያምን እንደነበር ይነግረናል። ራሱ ግን ነገሩን በአጉል እምነትነት ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የማየው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሌሊት ለልጁ የሆነ ነገር የሰጠው ሰው ሳንዲ ብቻ ነበር። ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ይዞ ነው የተመለሰው።

ከዚያ በፊት በ1822 ቻርልስተን ላይ ዴንማርክ ቬሲ ሊያስነሳው በነበረው አመፅ ውስጥ ጉላ ጃክ የሚባል አዋቂ ነበር። ለተከታዮቹ የሸርጣን ጥፍር አደለ። በውጊያው ቀን አፋቸው ውስጥ ከያዙት እንደማይቆስሉ ነግሯቸው ነበር። ሴራው ተጋለጠ፤ ቬሲም ጃክም ተሰቀሉ።

ሮበርት ጆንሰን ነፍሱን ለሰይጣን ሸጧል ወይስ አልሸጠም?

መጣን። ሮበርት ጆንሰን በ1911 ሚሲሲፒ ተወለደ። በ1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በ1937 ዳላስ ላይ 29 ዘፈን ቀረጸ። በ1938 ነሐሴ ወር ግሪንዉድ አጠገብ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ተመርዞ ነው የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አለ።

ወሬው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ ጊታር አይችልም ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ጠፋ። ሲመለስ ሰውን ሁሉ አፍ አስከፈተ። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ መስቀለኛ መንገድ ሄዶ ነፍሱን ሸጧል።

አሁን መስቀለኛ መንገድ የሚለውን ዘፈኑን አዳምጡት። ሰይጣን የሚባል ነገር የለበትም። ተንበርክኮ ፈጣሪን ማረኝ ሲል ነው የምትሰሙት። መኪና ለማስቆም ይሞክራል፣ ማንም አይቆምለትም። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። በ1936 ሚሲሲፒ ውስጥ ለአንድ ጥቁር ወጣት ከመሸ በኋላ በማያውቀው መንገድ ላይ ብቻውን መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለመፍራት ሰይጣን አያስፈልገውም።

የነፍስ ሽያጩ ታሪክ ይበልጥ የሚያያዘው ከሌላ ጆንሰን ጋር ነው። ቶሚ ጆንሰን ይባላል፣ ዘመዱ አይደለም። ወንድሙ ለዴል ነው ቶሚ መስቀለኛ መንገድ ላይ ጊታር ስለ መማሩ የተናገረው። ሮበርት ግን ሰው አስተማሪ ነበረው። አይክ ዚመርማን የሚባል ጊታሪስት ነው። ቦርጋርድ በምትባል ትንሽ ቦታ፣ ማታ ማታ መቃብር ስፍራ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። እዚያ ማንም «ዝም በሉ» አይላቸውም።

ደግሞ የመስቀለኛ መንገዱ ሥርዓት ራሱ ከፈረንጅ የነፍስ ሽያጭ ተረት የተለየ ነው። ሃሪ ሃያት የሚባል ቄስ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በደቡብ እየዞረ ከ1,600 በላይ ሰዎችን ስለ ሁዱ ጠይቆ በ5 ቅጽ አሳትሟል። እዚያ ውስጥ ሥርዓቱ ደጋግሞ ይመጣል። ባንጆህን ወይም ጊታርህን ይዘህ ለዘጠኝ ቀን ያህል ወደ መስቀለኛ መንገዱ ትሄዳለህ። ጥቁር እንስሳት ያልፋሉ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጥቁር ሰው ይመጣል። መሣሪያህን ተቀብሎ ይጫወትበትና ይመልስልሃል። ከዚያ በኋላ ትችላለህ። ዳይስ መጣል ለመማር የሚሄድም አለ። ብዙዎቹ ተራኪዎች ይሄን ሰው ሰይጣን ይሉታል። ግን በምዕራብ አፍሪካ መንታ መንገድ ላይ የሚቆም፣ በር የሚከፍት መንፈስ አለ፤ ዮሩባዎች ኤሹ ይሉታል፣ ፎኖች ሌግባ። እኔ በግሌ ያንን ሰው አስተማሪ ብለው ደስ ይለኛል።

ዛሬ ክላርክስዴል ከተማ ውስጥ 61 እና 49 አውራ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ቦታ የጊታር ምልክት ቆሟል። ቱሪስት ፎቶ ይነሳበታል።

የትኞቹ ዘፈኖች ውስጥ ነው ሁዱ ያለው?

በጣም ብዙ። ችግሩ ቃላቱን ካላወቁ አልፈው መሄዳቸው ነው።

ከዚያው ከጆንሰን ልጀምር። በ1937 በቀረጸው ስለ ገሃነም ውሻ በሚያወራው ዘፈን ውስጥ አንዲት ሴት በሩ ላይ «ሆት ፉት» ዱቄት እንደነሰነሰችበት ይናገራል። ትኩስ እግር ማለት ነው። በርበሬ፣ ጨው፣ ድኝ ተቀላቅሎ ጠላት በሚረግጥበት ቦታ ይነሰነሳል። የረገጠው ሰው እግሩ አያርፍም፤ ከአገር አገር ሲንከራተት ይኖራል። ዘፈኑ በሙሉ ስለ መንከራተት ነው። መንስኤው በአንድ መስመር ተነግሯል። ያኔ የሚሰሙት ሰዎች ወዲያው ገብቷቸዋል። እኛ ግን ስለ ውሻው ስናወራ ዱቄቱን ረሳነው።

በ1936 የቀረጸው ወደ ኩሽናዬ ግቢ የሚለው ዘፈን ውስጥ ደግሞ «ኔሽን ሳክ» የሚል ቃል አለ። በሜምፊስ አካባቢ ሴቶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ከረጢት ነው። ገንዘብም ባልን የሚያስር መድኃኒትም ይያዝበታል። ወንድ አይነካውም። ዘፋኙ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዋን ሳንቲም ወሰድኩ ይላል። ስርቆት ብቻ መስሎ ያልፋል። ግን አፍርሶባታል፤ መድኃኒቷን ነው የሰበረው።

ከሱ በፊት ሴቶቹ ነበሩ። ማ ሬይኒ በ1925 ስለ ሉዊዚያና ሁዱ ዘፍናለች። ሜምፊስ ሚኒ በ1936 «ሁዱ ሌዲ» ስትል አዋቂዋን እባክሽ ያንን ነገር እንዳታደርጊብኝ እያለች ትለምናለች። ሉዊዚያና በዘፈኖቹ ውስጥ ሁሌም መድኃኒት የሚገኝባት አገር ናት። ቴክሳሳዊው ላይትኒን ሆፕኪንስም በ1960 ሞጆ ሊያመጣ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

ማዲ ዋተርስ በ1943 ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ወደ ቺካጎ ሄደ። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ ከደቡብ ከወጡት 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች አንዱ መሆኑ ነው። በ1954 «ሁቺ ኩቺ ማን»ን ቀረጸ። የጻፈው የቪክስበርግ ልጅ ዊሊ ዲክሰን ነው። ግጥሙ ውስጥ ሦስት ዕቃ ይቆጥራል፦ የጥቁር ድመት አጥንት፣ ሞጆ፣ የጆን ሥር። ሰባት ቁጥርም እላዩ ላይ ይደረደራል። ይሄን ሁሉ የሚለው ከጀርባው ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ፒያኖና ሃርሞኒካ እየጮኸ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ ቺካጎ ባር ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲሰማው የአያቱ ቤት ሽታ ይመጣበታል። እኔ የምወደው ይሄንን ነው።

ሞጆዬ እየሠራ ነው የሚለውን የጻፈው ፕሬስተን ፎስተር ነው። መጀመሪያ የዘፈነችው አን ኮል ናት። ማዲ ከሷ ሰምቶ በ1956 የራሱ አደረገው። ቀልዱን ልብ በሉ። ሞጆዬ በሁሉም ላይ ይሠራል፣ ባንቺ ላይ ግን አልሠራም ነው የሚለው። ስለ አስማት ኃይል ሲዘፈን የኖረው ትልቁ ዘፈን ስለ አስማት መክሸፍ ነው!

ቦ ዲድሊ በ1956 ያወጣው «ሁ ዱ ዩ ላቭ» ደግሞ የቃላት ጨዋታ ነው። ማንን ትወጃለሽ ይላል በሰሙ። ወርቁ ላይ ግን ፈጠን ተደርጎ ሲነገር ሁዱ የሚል ድምፅ አለበት። ቅኔ ለሚወድ ጆሮ ይሄ ስጦታ ነው።

ሰዎቹ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?

ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ከሁሉ የበለጠ የሁዱ መጽሐፍ ነው። ዞራ ኒል ኸርስተን፣ ደራሲም የባህል አጥኚም ነበረች፣ ሙሴን በሰዎቹ ዓይን የአዋቂዎች ሁሉ አለቃ አድርጋ ታቀርበዋለች። በትር እባብ ሆነ፣ ባሕር ተከፈለ። ኸርስተን በ1928 ኒው ኦርሊንስ ሄዳ ራሷ ሙያውን ተምራለች። ለአንዱ ሥርዓት 69 ሰዓት ምግብ ሳትቀምስ በሆዷ ተኝታ እንደቆየች ጽፋለች። በ1931 ያወጣችው ጥናት ዛሬም ይነበባል።

መዝሙረ ዳዊት ደግሞ የሥራ መሣሪያ ነው። ክስ ያለበት ሰው መዝሙር 35ን ይደግማል፤ ከሚከራከሩኝ ጋር ተከራከርልኝ የሚለውን። በእኛ ዳዊት ቁጥሩ 34 ነው።

ይሄን ስል ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ዝም ብላ አይታለች ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰባኪ ሁዱንም ብሉዝንም አንድ ላይ አውግዟል። ብሉዝን የሰይጣን ሙዚቃ ይሉት ነበር። ሰን ሃውስ የተባለው ታላቅ ብሉዘኛ ራሱ ሰባኪ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ከስብከቱ ወደ ጊታሩ፣ ከጊታሩ ወደ ስብከቱ ሲመላለስ ነው የኖረው።

ከእኛ መተትና ክታብ ጋር ዝምድና አለው?

የታሪክ ዝምድና የለውም። ወደ ሰሜን አሜሪካ በመርከብ የተጋዙት በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። መምሰል ግን ይመስላል። መስተፋቅር አለ፣ ዳዊት መድገም አለ፣ ደጃፍ ላይ የተደረገ ነገር መርገጥ አለ። አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የክታብ ኃይል ያለው ብራናው ላይ በተጻፈው ነው። የሞጆ ኃይል ያለው በሥሩና በአፈሩ ነው። ማንበብና መጻፍ በሕግ የተከለከለበት አገር ላይ ያደገ ነገር መሆኑን አትርሱ።

መንግሥትስ ዝም ይል ነበር?

ሳውዝ ካሮላይና ቡፈርት አውራጃ ላይ ያለው ታሪክ ፊልም ነው የሚመስለው። በሴንት ሄለና ደሴት ዶክተር በዛርድ የሚባል አዋቂ ነበር። በዛርድ አሞራ ማለት ነው። በመዝገብ ስሙ ስቴፋኒ ሮቢንሰን ነው። ባለ ወይን ጠጅ መስታወት መነጽር ያደርግ ነበር። ዋና ሥራው ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሹ ይከፍለዋል። እሱ ችሎት ይገባና ከኋላ ይቀመጣል። ሥር ያኝካል። ምንም አይናገርም። ምስክሩን ያየዋል። ምስክሩ ይንተባተባል። በሙያው ቋንቋ «ሥሩን ማኘክ» ይሉታል።

የአውራጃው ሸሪፍ ጄ ኢ ማክቲር ነጭ ነው። ከ1926 እስከ 1963 ሸሪፍ ሆኖ ሠርቷል። በዛርድን ያለ ፈቃድ ማከም በሚል ሊይዘው ብዙ ደከመ። ምስክር ግን ማን ይቁምለት? በመጨረሻ ምን አደረገ መሰላችሁ? ራሱ ሥር ሠሪ ሆነ። አስማት ተደርጎብኛል ብሎ ለሚመጣ ሰው እፈታለሁ ብሎ ተቀመጠ። በዛርድ በ1947 ሞተ። ሸሪፉ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰው ቤቱ ይመጣ ነበር።

ሰማያዊ ቀለም የተቀቡት ቤቶች ከዚህ ጋር ይያያዛሉ?

አዎ። በጆርጂያና በሳውዝ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ የበረንዳ ጣሪያ ፈዛዛ ሰማያዊ ይቀባል። «ሄይንት ብሉ» ይባላል። ሄይንት የሚሉት እረፍት ያጣ የሞተ ሰው መንፈስ ነው። ውሃ መስሎት አይሻገርም ይላሉ። አትላንታ የምትኖሩ ወደ ሳቫና ብቅ ስትሉ ቀና ብላችሁ እዩ። ዛሬ ግን የቀለም ሱቅ ለውበት ብሎ ነው የሚሸጠው። ቅርንጫፉ ላይ ሰማያዊ ጠርሙስ የተደፋበት ዛፍ ካያችሁም እሱም ያው ነው፤ መንፈሱ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ጠዋት ፀሐይ ትጨርሰዋለች።

ይሄ ሁሉ ዕቃ ከየት ይገዛ ነበር?

መጀመሪያ ከጫካ። ከዚያ ከመድኃኒት ቤት። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በፖስታ። ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያው ሞልቶ ነበር። ኩባንያዎቹ የፊት ቅባትና የፀጉር ቅባት ከማግኔት ድንጋይና ከዕጣን ጋር አብረው ይሸጡ ነበር። በፖስታ ማጭበርበር እንዳይከሰሱ «እንዲህ ያደርጋል ይባላል» ብለው ነው የሚጽፉት። ብልጦች ናቸው። ሜምፊስ ቢል ጎዳና ላይ በ1876 የተከፈተው የሽዋብ ሱቅ እስካሁን አለ። ከካልሲና ከመጥበሻ ጎን የሁዱ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሱቅ ነው።

ዛሬም የሚሠራበት ሰው አለ? እኔስ ብሞክር?

አለ። በተለይ ወጣት ጥቁር ሴቶች የአያቶቻችን ነው ብለው እየመለሱት ነው። በ2025 የወጣው «ሲነርስ» ፊልምም ብዙ ሰው እንዲጠይቅ አድርጓል። ታሪኩ በ1932 ክላርክስዴል ላይ ነው። አኒ የምትባለው ገጸ ባሕርይ ሥር ሠሪ ናት። ለባሏ ስለሠራችው ሞጆ የሚያሳየው ነገር ከብዙ የቆዩ ፊልሞች በጣም የተሻለ ነው።

መሞከሩን ለእናንተ ልተወው። አንድ ነገር ብቻ። ኢንተርኔት ላይ እርግማን አለብህ፣ ለመፍታት አንድ ሺህ ዶላር ላክ የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው። ይሄንን ለማወቅ ሥር መማስ አያስፈልግም።

ሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ሞጆ ባይስ?

አትንኩ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁም አትጠይቁ። ሶፋው ትራስ ስር ከሆነ ትራሱን መልሳችሁ ቡናችሁን ጠጡ።